የማርሻል ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔዝ አነሣሥና አወዳደቅ

"ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ" ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ሰምቼው እንጂ ሠርቼበት እንደማላውቅ የተረዳሁት በዚህ ዓመት ነው። የተወደዳችሁ የትምህርት ጓደኞቼ፥ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፥ ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ያቀረብሁበት ምክንያት እርሱ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ ልግለጽ።

በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የክርክር ማኅበራችን "ለአንድ አገር የሚበጀው ከሐሳቡ ንቅንቅ የማይል መሪ ነው ወይስ ምክር የሚቀበል መሪ?" የሚል ርእስ አቅርቦ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ የመጀመሪያውን ወገን መደገፍ ነበር። ማስረጃ ስፈልግ በአንድ አጭር መጽሐፍ ውስጥ የፓራጓይን የጦር አዛዥ የሶላኖ ሎፔዝን ታሪክ አገኘሁ። መጽሐፉ ይህ ሰው ከሦስት መንግሥታት ጋራ ከ5 ዓመት በላይ እንደ ተዋጋ፥ "እጅህን ስጥ" ሲሉት እንቢ እንዳለና "ስለ አገሬ እሞታለሁ" ብሎ እንደ ወደቀ ይናገራል። ይህን ድምፄን ከፍ አድርጌ በተናገርሁ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ወገናችንም አሸነፈ።

በማግሥቱ የታሪክ መምህራችን ጠሩኝና "ንግግርህ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ያ ሰው ሲሞት 'ስለ አገሬ እሞታለሁ' ነው ያለው ወይስ 'ከአገሬ ጋራ እሞታለሁ' ነው ያለው?" አሉኝ። እኔም "ልዩነቱ ምንድን ነው?" ብዬ ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው "እርሱን አንብበህ አንተው ንገረኝ" ሲሉ አሰናበቱኝ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ያነበብሁትንም እነሆ ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቼ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

የአገሩ ሁኔታ

ፓራጓይ በደቡብ አሜሪካ እምብርት የምትገኝ የባሕር ወደብ የሌላት አገር ናት። ወደ ውጭ የምትወጣው በፓራጓይና በፓራና ወንዞች ነው። እነዚህም ወንዞች ወደ ደቡብ ወርደው በአርጀንቲና በኩል አልፈው ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባሉ። ስለዚህ የወንዞቹን በር የያዘ መንግሥት የፓራጓይን ጕሮሮ ይዟል ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚመጣውን ታሪክ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ይህን ነገር መዘንጋት አይገባውም።

አገሪቱ ከእስጳንያ ግዛት ነጻ የወጣችው በ1811 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ የእስጳንያ ሰዎችና የጥንቶቹ የጓራኒ ነገድ ዘር ሲሆን የጓራኒን ቋንቋ እስከ ዛሬ ድረስ ይናገራል። ከ1814 እስከ 1840 ዶክቶር ፍራንሲያ የተባለ ሰው ብቻውን ገዛ። እርሱም አገሩን ከጎረቤቶቹ ለይቶ ደጁን ዘግቶ ኖረ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ካርሎስ አንቶኒዮ ሎፔዝ፥ ማለት የዚህ የታሪካችን ባለቤት አባት፥ ሥልጣኑን ለማንም ባያካፍልም ደጁን ግን ከፈተ። ከእንግሊዝ አገር መሐንዲሶችን ቀጥሮ አስመጣ፤ በኢቢኩይ የብረት ማቅለጫ፥ በአሱንሲዮን ከተማ የጦር መሣሪያ መሥሪያና የመርከብ መጠገኛ አቋቋመ፤ የምድር ባቡር ሐዲድም አስጀመረ። ከጦርነቱ በፊት የሕዝቡ ቍጥር 4 መቶ 50 ሺህ ያህል እንደ ነበረ ብዙዎች ይገምታሉ።

አስተዳደጉና ሹመቱ

ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔዝ በ1827 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ገና በ18 ዓመቱ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕርግ ሰጠው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። እኛ በ18 ዓመታችን ለመጨረሻው ፈተና እንዘጋጃለን፤ ስሕተታችንን የሚያርሙልን መምህራን አሉን። እርሱ ግን በዚያ ዕድሜው "ተሳስተሃል" ሊለው የሚደፍር ሰው አልነበረውም።

በ1853 አባቱ መልእክተኛ አድርጎ ወደ አውሮፓ ላከው። በዚያም ጦር መሣሪያና ታኩዋሪ የተባለችውን መርከብ ገዛ፤ መሐንዲሶችን ቀጠረ፤ በፓሪስም የናፖሌዎን ሦስተኛን ቤተ መንግሥትና ሠራዊት አይቶ በጣም ተደነቀ። በዚያው ከተማ ኤላይዛ ሊንች ከምትባል የአየርላንድ ተወላጅ ጋራ ተዋወቀ። እርስዋም ወደ ፓራጓይ ተከትላው መጥታ ልጆች ወለደችለት፤ እስከ መጨረሻይቱም ሰዓት አልተለየችውም።

በ1859 በአርጀንቲና ውስጥ የቦይነስ አይረስ ክፍል ከቀሩት ክፍሎች ጋራ ሲዋጋ ሶላኖ ሎፔዝ በአስታራቂነት ገባ፤ በኖቬምበርም ወር ሁለቱን ወገኖች አስማምቶ የሰላም ውል አስፈረመ። ወጣቱ ጄኔራል ትልቅ ክብር ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። በመጽሐፍ ላይ ይህን ክፍል ሳነብ "ምነው እዚህ ላይ በቆመ!" አልሁ፤ ሰው ከማዋጋት ይልቅ በማስታረቁ ተመስግኖ ነበርና።

አባቱ በሴፕቴምበር 1862 ሞተ። በሞት አልጋው ላይ ሳለ ልጁን ጠርቶ ከጎረቤት ጋራ፥ ይልቁንም ከብራዚል ጋራ ያለውን ክርክር በብዕር እንጂ በሰይፍ እንዳይፈታው መከረው ይባላል። በሚቀጥለው ወር ጉባኤው ተሰብስቦ ሶላኖ ሎፔዝን ለ10 ዓመት ፕሬዚዳንት እንዲሆን መረጠው።

የጦርነቱ መነሻ

በዚያን ዘመን በኡሩጓይ "ነጮቹ" እና "ቀዮቹ" የሚባሉ ሁለት የፖለቲካ ወገኖች ይጣሉ ነበር። በ1863 የቀዮቹ መሪ ቬናንሲዮ ፍሎሬስ በነጮቹ መንግሥት ላይ ሸፈተ። ብራዚል ፍሎሬስን ረዳች፤ የአርጀንቲናም ፕሬዚዳንት ባርቶሎሜ ሚትሬ ወደ እርሱ አደላ። ሎፔዝም "የኡሩጓይ ነጻነት ቢጠፋ የወንዞቹ በር በብራዚልና በአርጀንቲና እጅ ይወድቃል፤ ነገ ተራው የእኛ ነው" ብሎ ሰጋ። ይህ ስጋት ፈጽሞ ከንቱ ነበር ለማለት አይቻልም። በፊት እንዳደረገው ላስታርቅ ብሎ ጠየቀ፤ ነገር ግን ብራዚል አስታራቂነቱን አልተቀበለችም። በ1859 የተከበረው ሰው በ1864 ሳይሰማ ቀረ። ይህም ንቀት በልቡ ውስጥ እንደ እሳት ተቀመጠ።

በኦገስት 30 ቀን 1864 ብራዚል ወደ ኡሩጓይ ጦር ብታስገባ ዝም ብሎ እንደማያይ በጽሑፍ አስጠነቀቀ። በኦክቶበር የብራዚል ጦር ገባ። በኖቬምበርም ሎፔዝ በፓራጓይ ወንዝ ታልፍ የነበረችውን ማርኬስ ደ ኦሊንዳ የተባለችውን የብራዚል መርከብ፥ በውስጧ ከነበረው ከማቶ ግሮሶ አዲስ አገረ ገዥ ጋራ አስያዛት። በዲሴምበር ጦሩ ወደ ሰሜን ሄዶ የብራዚልን ክፍል ማቶ ግሮሶን ወረረ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ስሕተት ይታየናል። ጦርነቱን ያነሣሁት ኡሩጓይን ለመርዳት ነው እያለ ጦሩን የላከው ግን ኡሩጓይ ወዳለችበት ወደ ደቡብ ሳይሆን ወደ ሰሜን ነው። እርሱ በሰሜን ሲዋጋ በፌብሩዋሪ 1865 ሞንቴቪዴዎ እጅዋን ሰጠች፤ ሊረዳቸው የፈለጋቸውም ወዳጆቹ ከሥልጣን ወረዱ።

ሁለተኛው ስሕተት ከፊተኛው ይብሳል። በአርጀንቲና መሬት ጦር ለማሳለፍ ፈቃድ ጠይቆ ሚትሬ ቢከለክለው፥ በማርች 1865 ጉባኤውን ሰብስቦ በአርጀንቲናም ላይ ጦርነት አሳወጀ። ያው ጉባኤ የማርሻልነትን ማዕርግ ሰጠው። ከተሰበሰቡት ሰዎች ውስጥ ቆም ብለን እንምከር የሚል አልተገኘም። "አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" ይባል የለምን? በአፕሪል ወር ጦሩ የአርጀንቲናን ከተማ ኮሪየንቴስን ያዘ።

ብራዚልና አርጀንቲና ከጥንት ጀምሮ የሚቀናኑ፥ ከዚያ በፊትም የተዋጉ መንግሥታት ነበሩ። ማንም ዲፕሎማት ሊያስማማቸው ያልቻለውን እነዚህን ሁለት ባላንጣዎች ያስማማቸው ራሱ ሎፔዝ ነው። በሜይ 1 ቀን 1865 ብራዚል፥ አርጀንቲናና የፍሎሬስ ኡሩጓይ የሦስትዮሽ የቃል ኪዳን ውል ተፈራረሙ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እንደ ተባለው ሆነ። በውሉም ጦርነቱ የሚደረገው ከፓራጓይ ሕዝብ ጋራ ሳይሆን ከመንግሥቷ ጋራ ነው፥ የሎፔዝም መንግሥት ሳይወድቅ ሰላም አይደረግም የሚል ቃል አለበት። ነገር ግን በምስጢር የነበረው ይህ ውል በ1866 በለንደን ታትሞ ሲገለጥ፥ የፓራጓይን ድንበር ተባባሪዎቹ በፈለጉት መንገድ አስቀድመው እንደ ወሰኑት ታወቀ። የፓራጓይም ሕዝብ "እኛ ብንሸነፍ አገራችን ትከፈላለች" ብሎ የበለጠ ቈርጦ ተነሣ። እንግዲህ ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ ልብ በሉ።

ድልና ሽንፈት

በጁን 11 ቀን 1865 የፓራጓይ መርከቦች በሪያቹኤሎ አጠገብ የቆሙትን የብራዚል መርከቦች ገና ሳይነጋ በድንገት እንዲመቱ ታዘዙ። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዲቱ ተበላሽታ ስትጠገን ሰዓቱ አለፈና የደረሱት ከነጋ በኋላ ነው። በውጊያውም ተሸነፉ። ወንዙ በጠላት እጅ ገባ፤ ፓራጓይም ከዚያ ወዲያ ከውጭ ዓለም መሣሪያ ማግባት አልቻለችም። በሴፕቴምበር በኡሩጓያና የተከበበው ኮሎኔል ኤስቲጋሪቢያ 5 ሺህ ከሚያህሉ ሰዎች ጋራ እጁን ሰጠ። በኮሪየንቴስ የነበረውን ጄኔራል ሮብሌስን ሎፔዝ ራሱ ከሹመቱ ሽሮ በጥይት አስደበደበው።

በ1866 ጦርነቱ ወደ ፓራጓይ ምድር ገባ። በሜይ 24 ቀን በቱዩቲ ሎፔዝ 24 ሺህ ያህል ሰው አሰልፎ በቍጥር የሚበልጡትን ተባባሪዎች በሰፈራቸው ላይ ወረደባቸው። ይህ ውጊያ በደቡብ አሜሪካ ከተደረጉት ሁሉ ትልቁ ነው ይባላል። በአንድ ቀን ከፓራጓይ ወገን 6 ሺህ ያህል ሞተው 7 ሺህ ያህል ቈሰሉ። ከሁሉ የሠለጠነው የሠራዊቱ ክፍል በዚህ ቀን አለቀ።

በሴፕቴምበር 12 ቀን ሎፔዝና ሚትሬ በያታይቲ ኮራ ፊት ለፊት ተገናኝተው ስለ ሰላም ተነጋገሩ። ተባባሪዎቹ "አንተ ከሥልጣን ካልወረድህ ሰላም የለም" ስላሉ ንግግሩ ያለ ፍሬ ቀረ። ከ10 ቀን በኋላ ሚትሬ በኩሩፓይቲ ምሽግ ላይ ጦሩን አዘመተ። ምሽጉን ያዘጋጀው ጄኔራል ሆሴ ዲያዝ ነበር። ተባባሪዎቹ ረግረጉን እየተሻገሩ ሲመጡ በመድፍ ተመቱ፤ ቢያንስ 4 ሺህ ያህል ሰው ሲጐዳባቸው ከፓራጓይ ወገን የሞተው ከመቶ አይበልጥም። ኋላ የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት የሆነው የሳርሚየንቶ የማሳደጊያ ልጅ ዶሚንጊቶ የወደቀው በዚያ ቀን ነው። ከዚህ በኋላ ተባባሪዎቹ ለብዙ ወራት ወደ ፊት ለመራመድ አልቻሉም።

እንግዲህ ብልህ ሰው ቢሆን ሰላም የሚጠይቀው በድል ማግሥት ነው። በ1867 የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ጉልድ በመካከል ገብቶ የፓራጓይ ነጻነት ተጠብቆ ሎፔዝ ወደ አውሮፓ እንዲሄድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሎፔዝ ግን ሥልጣኔን አልለቅም ብሎ እንቢ አለ። በክርክሩ ቀን እኔ "ንቅንቅ አላለም" ብዬ ያመሰገንሁት ይህን እንቢታ ነበር።

ፍርሃትና ጥርጣሬ

በ1867 እና በ1868 የኮሌራ በሽታ በሁለቱም ወገን ሰፈር ገባ፤ በፓራጓይ ወገን ምግብና መድኃኒትም ጠፋ። በፌብሩዋሪ 1868 የብራዚል የብረት ልብስ የለበሱ መርከቦች በኡማይታ ምሽግ ፊት አልፈው ወጡ። የምሽጉ ጠባቂዎች ከወራት በኋላ በረኃብ አልቀው የቀሩት በኦገስት 5 ቀን እጃቸውን ሰጡ። ሎፔዝ ግን አዛዡ ማርቲኔዝ ከዳኝ ብሎ ሚስቱን ሁዋና ኢንስፍራንን አስይዞ ካሠቃያት በኋላ አስገደላት።

በዚያው ዓመት በሳን ፈርናንዶ ሰፈር ሳለ "ሊገድሉኝ ተማክረዋል" የሚል ሐሳብ ያዘው። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች፥ የአገር ሰውም የውጭም ሰው፥ እየተያዙ በድብደባ ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ ተገደሉ። የውጭ ጕዳይ ሚኒስትሩ ሆሴ በርሄስ፥ ጳጳሱ ማኑኤል አንቶኒዮ ፓላሲዮስ፥ የእኅቱ ባል ጄኔራል ባሪዮስ፥ የገዛ ወንድሙ ቤኒግኖ በዲሴምበር 1868 በጥይት ተደበደቡ። እኅቶቹ ታሠሩ፤ እናቱም ሳይቀሩ ኋላ በሤራ ተከሰሱ። ጠላት ከፊት ሆኖ ሲያባርረው እርሱ ከኋላው ያሉትን ወዳጆቹን ይጨርስ ነበር።

በዲሴምበር 1868 የብራዚል የጦር አለቃ ካሺያስ በኢቶሮሮ፥ በአቫይና በሎማስ ቫለንቲናስ ተከታትሎ አሸነፈ። ሎፔዝ ከጥቂት ሰዎች ጋራ አመለጠ። በ1869 መጀመሪያ አሱንሲዮን ተያዘች። ካሺያስ ጦርነቱ አለቀ ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። የብራዚል ንጉሠ ነገሥት ዶም ፔድሮ ሁለተኛ ግን ሎፔዝ ካልተያዘ አይሆንም ብለው የልጃቸውን ባል ኮንት ድዩን አዛዥ አድርገው ላኩት። ዋና ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ ጦርነቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀጠለ። ለዚህም አንዱ ተጠያቂ አሳዳጁ ነው።

ሕፃናቱ

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ክፍል ደረስሁ። በ1869 አጋማሽ በፓራጓይ ለጦር የሚሆን ጐልማሳ ሰው እምብዛም አልቀረም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎችና ልጆች ተሰለፉ። በኦገስት 16 ቀን 1869 በአኮስታ ኙ ሜዳ ላይ የሎፔዝ የኋላ ደጀን በጄኔራል በርናርዲኖ ካባዬሮ አዛዥነት ከብራዚል ጦር ጋራ ተዋጋ። ሎፔዝ ራሱ በዚህ ጊዜ ወደ ሰሜን እየሸሸ ነበር፤ የኋላ ደጀኑም የተሰለፈው እርሱ እንዲያመልጥ ነው። ከተሰለፉትም ብዙዎቹ ገና ትምህርት ቤት መግባት የሚገባቸው ልጆች ነበሩ። ከሩቅ ሲታዩ ጐልማሶች እንዲመስሉ ሐሰተኛ ጢም አድርገው ነበር ይባላል። አብዛኞቹ በዚያ ሜዳ ላይ ቀሩ። በፓራጓይ ኦገስት 16 ቀን ዛሬ የሕፃናት ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል።

ይህን ያነበብሁት በቤታችን በሌሊት ነው። ታናሽ ወንድሜ 11 ዓመቱ ነው፤ በአጠገቤ ተኝቶ ነበር። በዚያው ቀን የእኔን ጫማ አድርጎ፥ ከንፈሩ ላይ በከሰል ጢም ሥሎ "እኔ ወታደር ነኝ" እያለ ሲያስቀን ውሏል። ጢሙ በደንብ አልታጠበለትም ነበር። መጽሐፉን አጠፍሁትና ለረጅም ጊዜ ፊቱን ስመለከት ቈየሁ። በአዳራሽ ውስጥ የተጨበጨበልኝም ያን ጊዜ ትዝ ብሎኝ አፈርሁ።

በማለዳ ነገሩን ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ ፊደል ቢያውቁም ከእርሻ በቀር ሌላ ሥራ ሠርተው አያውቁም። ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ "ልጄ፥ ዘሩን የበላ ገበሬ ለከርሞ ምን ይዘራል?" አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ በመጻሕፍቱ ሁሉ ውስጥ አላገኘሁም።

ፍጻሜው

በማርች 1 ቀን 1870 የብራዚል ጄኔራል ካማራ ሎፔዝን በሰሜን በሴሮ ኮራ አገኘው። ከእርሱ ጋራ የቀሩት በረኃብ የደከሙ ጥቂት መቶ ሰዎች ነበሩ። በጦር ተወግቶ ወደ አኪዳባን ጅረት ሸሸ። እጅህን ስጥ ሲባል እንቢ ብሎ ሰይፉን እንደ ያዘ በዚያው ተገደለ። ገና 15 ዓመት የሆነው የበኵር ልጁ ፓንቺቶ የኮሎኔልነት ማዕርግ ተሰጥቶት ነበር፤ እርሱም እናቱ ካለችበት ሠረገላ አጠገብ እጄን አልሰጥም ብሎ ሞተ። ኤላይዛ ሊንች አባትና ልጁን በገዛ እጅዋ መሬት ቈፍራ እንደ ቀበረች ይነገራል።

ከጦርነቱ በኋላ የብራዚል ጦር እስከ 1876 በፓራጓይ ቈየ። ከመሬቷም ሰፊ ክፍል ለብራዚልና ለአርጀንቲና ሆነ። በቻኮ ምድር ላይ የነበረውን ክርክር ግን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ በ1878 ለፓራጓይ ፈረዱላት፤ በዚያ ያለ አንድ ክፍለ ሀገር እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ስለ ሞተው ሕዝብ ቍጥር ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ብዙዎቹ ከሕዝቡ ከእኩሌታ የሚበልጠው በጦር፥ በረኃብና በበሽታ አለቀ ይላሉ። ከሞቱት ወንዶቹ እንደሚበዙና አገሩን ያቆሙት ሴቶቹ እንደ ሆኑ ግን ሁሉም ይስማማሉ።

ሎፔዝ በ1869 በአሱንሲዮን የተቋቋመው መንግሥት ወንጀለኛ ብሎ ያወጀበት ሰው ነው። በኋላ ግን ሐሳቡ ተለወጠና በማርች 1 ቀን 1936 የኮሎኔል ራፋኤል ፍራንኮ መንግሥት የአገር ጀግና መሆኑን በዐዋጅ ገለጠ፤ በዚያው ዓመት ዐፅሙ በአሱንሲዮን ባለው የጀግኖች መቃብር አረፈ። ማርች 1 ቀንም በፓራጓይ የጀግኖች በዓል ነው። እንግዲህ አንዲቱ አገር በማርች ማርሻሉን፥ በኦገስት ሕፃናቱን ታስባለች። ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ ያላሰበ ሰው ታሪኩን ዐወቀ ለማለት አይቻልም።

ለመምህራችን የሰጠሁት መልስ

በእስጳንኛ ቋንቋ "ስለ" ለማለት "ፖር"፥ "ከ…ጋራ" ለማለት "ኮን" ይባላል። የሎፔዝን የመጨረሻ ቃል አንዳንዶች በፊተኛው፥ ሌሎች በኋለኛው ጽፈውታል። ተመልሼ ወደ መምህራችን ሄድሁና እንዲህ አልኋቸው፤ "ስለ አገሩ የሚሞት ሰው እርሱ ሞቶ አገሩ እንድትኖር የሚፈልግ ነው። ከአገሩ ጋራ የሚሞት ግን አገሩን ወደ መቃብሩ ይዟት የሚወርድ ነው። በአፉ የትኛውን እንዳለ መስካሪዎቹ አይስማሙም፤ በሥራው ግን ሁለተኛውን ብሏል።"

መምህራችን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "ግማሹን ደርሰህበታል" አሉኝ። "የሞተን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። ብቻውን ግን እዚያ አልደረሰም። በ1865 ማርሻል ሲያሰኙት ያጨበጨቡትንስ ምን ትላቸዋለህ?" ሲሉ ጠየቁኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ያ የክርክራችን አዳራሽ ትዝ አለኝ፤ እኔም አስጨብጫቢው ነበርሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ እንዲፈቀድልኝ ለምኜ ወደ መድረኩ ወጣሁና "ባለፈው ያቀረብሁት ማስረጃ ግማሽ ነበር፤ ስላልመረመርሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብዬ ይህንኑ ታሪክ በአጭሩ ነገርኋቸው። ወገኖቼ የነበሩት ጓደኞቼ ጥቂት ተቈጡኝ፤ ያገኘነውን ድል ለምን ታበላሻለህ አሉኝ። በዚያን ቀን ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ስብሰባው ሲያልቅ ሦስት ልጆች ወደ እኔ መጥተው መጽሐፎቹን የት እንዳገኘሁ ጠየቁኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርሁት ይህ ነው። ሎፔዝ ፈሪ አልነበረም፤ ሕዝቡም በጀግንነቱ ማንም አይበልጠውም። ስጋቱም ከንቱ አልነበረም፤ የጎረቤቶቹም እጅ ንጹሕ አይደለም። እርሱን የጣለው "ተው" የሚለውን ሰው ሁሉ ጠላት ማድረጉ ነው። ንቅንቅ አለማለት የሚያስመሰግነው የቆሙበት ነገር ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። ትክክል መሆኑንም ለማወቅ የሚቻለው ሌላው ሲናገር በመስማት ነው። እኛም ነገ አስተማሪ፥ ሐኪም፥ የጦር መኰንን ወይም የአገር አስተዳዳሪ ስንሆን የሚያርመን ሰው ከአጠገባችን እንዳይርቅ እንጠንቀቅ። አንድ ታሪክ ስንሰማም ከማጨብጨባችን በፊት "ቀሪው ግማሽ የት አለ?" ብለን እንጠይቅ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።